ለድልድይ የተላከ ሽማግሌ

በየከተማው አንድ የድልድይ ሊቅ አይጠፋም። ድልድዩን አልሠራም፤ ሲሠራም አላየም፤ ግን ያለ እሱ ማብራሪያ ወንዝ የሚሻገር ሰው ሲያይ ያመዋል።

የመርሳው ሊቅ ክቡር አቶ አብዱልሐሊም ናቸው። ባጃጅ ነጂው ካሳዬ እሳቸውን መስማት የሥራው አካል ሆኗል። "ይኼ የብረት ድልድይ ለባቡር ነው የተሠራ" ይላሉ። ባቡሩስ? "መጓተት የባቡሩ ነው፤ ድልድዩ በሰዓቱ ተገኝቷል።" ሠሪው እንደ አድማጩ ይለዋወጣል፤ ለወልድያ ተማሪ ጣልያን፣ ለውርጌሳ ነጋዴ ቱርክ፣ ለሲሪንቃ ተመራማሪ ደግሞ "ገና ጥናት ላይ" ነው። በንድፉ ግን ቀልድ የለም። "አራት ማዕዘን ሲገፉት ይንጋደዳል። ሦስት ማዕዘን ወላሂ ንቅንቅ አይልም፤ ድልድዩ እንዳለ ሦስት ማዕዘን ነው።" ካሳዬ፣ ኒካቸውንም በሦስት ማዕዘን ሳያስሩ አልቀሩም ይላል።

ታሪክ ግን ለሊቃውንት አይራራም። ከጎኑ የሲሚንቶ ድልድይ ተሠራና አሮጌው ተቆራርጦ ይሸጥ ተባለ። አብዱልሐሊም ማብራራት አቆሙ፤ መርሳ ደነገጠች። ቀጥሎ ወሎዬ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ሽማግሌ ሰበሰቡ። ነጫጭ የለበሱ አዛውንቶችንና፣ ባጃጅ ስላስፈለገ፣ ካሳዬን አስከትለው የአዲሱ ድልድይ ተቋራጭ መሐንዲስ ከሆነችው ከዮርዳኖስ ቢሮ ገቡ። ወንበር ስታቀርብ የመጡበት ካልተፈቀደ እንደማይቀመጡ ነገሯት።

ዮርዳኖስ የወልድያ ልጅ ናት፤ ሽማግሌ አልቀመጥም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ፊቷ ቀላ። አባቷ ወልድያ እንዳሉ፣ እሷ ግን ለጊዜው ትዳር እንደማታስብ በትሕትና አስረዳች። ዓይኗ ካሳዬ ላይ ሲያርፍ እሱ በመስኮት ባጃጁን መመርመር ያዘ።

"አብሽሪ ልጄ፣ አንቺን አይደለም" አሉ አብዱልሐሊም። "ድልድዩን ነው።"

"ውይ፣ እሱ ከሆነማ ተቀመጡ!"

ተቀመጡ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ዮርዳኖስ ምን እንዳለች የገባት ያኔ ነው፤ ራሷን ይዛ ሳቀች። ለእግረኛና ለከብት እንዲቆይ አለቆቿን ልታሳምን ቃል ገባች።

"ግን ብረቱ እየተነቀለ ቢሸጥ ማን ይጠየቃል? ዋስ ጥሩልኝ።"

አዛውንቶቹ ተያዩ። አብዱልሐሊም ስለ ሦስት ማዕዘን ጀመሩና መሐል ላይ ተዉት። ማብራሪያ ያጡት ሊቅ የካሳዬን አንጀት በሉት።

"ዋሱ እኔ ነኝ" አለ።

ሲመለሱ ክቡርነታቸው ከኋላ ተደላድለው የዋስትናን ታሪክ ከአደም ጀምረው ማስረዳት ያዙ። ካሳዬ የሚጮኸውን የባጃጁን ቴፕ አጠፋላቸው።