ረምላን ሊገዛ የመጣው ሳይክል

ማታ በሕልሜ አንድ ሳይክል ልጄን ሊገዛ መጣ።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ የቀኑን ልንገራችሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ለረምላ ሳይክል ገዝቼላት ነበር። ረምላ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ደሴ ውስጥ ደልዳላ መንገድ እንደ ልብ አይገኝም፤ እሷ ደግሞ ያለውንም ንቃ ጦሳ ተራራ ላይ፣ እንጨት ለቃሚዎች በሚወርዱበት ቀጭን መንገድ ነው የምትጋልበው። የምትጋልበው በአክስቷ ልጅ ሳይክል ነው። የዚያ ሳይክል ፍሬን ከተበጠሰ ዓመት አልፎታል። ይህን ያወቅኩት በጫማዋ ነው፤ የቀኝ እግሯ ጫማ ሶል ሁልጊዜ ከግራው ቀድሞ ያልቃል። ለካ ቁልቁለት ላይ የምታቆመው ጫማዋን የኋላው ጎማ ላይ ጭና ኖሯል። የዚያን ዕለት ለእናቷ ለሉባባ እንኳ ሳልነግር ጥሩ ሳይክል ልገዛላት ወሰንኩ።

ገዛሁም። ፍሬኑን ለመያዝ ሁለት ጣት ይበቃል፣ ጎማው ሰፊና ጥርሳም ነው፣ በአንድ እጅ ይነሳል። ይዤው ስመጣ ፒያሳ ያለ ሰው ሁሉ ቆሞ አየው። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ረምላ ስትቀመጥበት እግሯ መሬት አይደርስም። ፔዳሉንም የምታገኘው ወደ አንድ ጎን ተንጋዳ ነው። ሻጩ አነስ ያለ አለ ቢለኝ ሳቅኩበት። ለልጅ ልክ የሆነ ነገር የሚገዛ ሰው አለ እንዴ? ታድግበታለች አልኩት። በእኛ ቤት ልክ የሆነ ነገር ተገዝቶ አያውቅም። አባቴ ጫማ ሲገዛልኝ ጫፉ ላይ ጨርቅ ይወተፍበት ነበር፤ ልኬ ሲሆን ደግሞ ያልቃል። ስለዚህ ልጅነቴን በሙሉ ወይ በሰፊ ወይ በቀዳዳ ጫማ ነው ያሳለፍኩት። የሠርጌን ሱፍ ሳይቀር «ትወፍርበታለህ» ብሎ አሰፋልኝ፤ ካገባሁ ይኸው አሥራ አራት ዓመቴ፣ እስካሁን አልሞላሁትም።

ረምላ ሳይክሉን አየችው። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ጉልበቴን ስማ አላህ ይስጥህ አባዬ አለችኝ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ረክቼ ተኛሁ።

በሕልሜ ጊዜው ረፋድ ነበር። ፒያሳ ላይ አሥራ ሁለት ሰዎች ሆነን አንድ ሚኒባስ ተሸክመን ዳገቱን እንወጣለን። ሹፌሩና ረዳቱ ውስጥ ተቀምጠው ያወራሉ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ወራጅ አለ» ሲል ቀስ ብለን አወረድነው፤ ወራጁም ሳያመሰግን ሄደ። ዝናቡ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ይዘንብ ስለነበር ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ገልብጦ እግሩ ሥር ይዞ ነበር የሚሄደው። ጦሳ ተራራ ራሱ ከተማ ወርዶ ቀበሌ በር ላይ ተሰልፏል፤ መታወቂያው ላይ ቁመቱን አሳንሰው ጽፈውበት ሊያስተካክል ነው አሉ። ከኋላው ያሉት ሰዎች ፀሐይ ከለከልከን ብለው ያጉረመርማሉ። ማንም አልተገረመም፣ እኔም አልተገረምኩም። እኔ የቸኮልኩት ረምላን ይዤ ሱቁ ሳይዘጋ ለመድረስ ነበር። ዕለቱ ሳይክሎች ልጆችን የሚመርጡበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ጥሩ ሳይክል ያልወሰዳት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ተሰቅላ ትቀራለች። ይህን ማን እንደነገረኝ አላውቅም፣ ግን አውቀዋለሁ።

ደረስን። ሱቁ ውስጥ ሰዎች ከጣሪያው በመንጠቆ ተሰቅለዋል። አያምም፤ የሚሰቅሉት በኮሌታ ነው። እኔንም አብረው ሰቀሉኝ፤ ረምላ በስተቀኜ፣ ባንክ ጥበቃ የሚሠራው ጎረቤቴ እንድሪስ በስተግራዬ። ረምላ እግሮቿን እያወዛወዘች ታንጎራጉራለች። ከሥራችን ሳይክሎቹ ቤተሰብ ቤተሰባቸውን ይዘው እየተንከባለሉ ያማርጣሉ። ባለሱቁ አንድ ሽማግሌ የጎማ መንፊያ ፓምፕ ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር በተናገሩ ቁጥር አየራቸው ስለሚያልቅ እጀታቸውን ወደ ላይ ስበው እስኪሞሉ መጠበቅ ነው።

አመራረጣቸው ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር፤ እኔ እንኳ ትናንት ያን ያህል አልተጠነቀቅኩም። አፋችንን ከፍተው ጥርስ ይቆጥራሉ። አንዲት ባለቅርጫት ሳይክል የእኔን ቆጥራ፣ ሃያ ስምንት ብቻ ነው፣ ዳገት ላይ ይለግማል ብላ አለፈችኝ። ትከሻችንን ተጭነው ጉልበታችን ይመልስ አይመልስ እንደሆነ ያያሉ። ፍሬናችንን የሚፈትሹት ደግሞ ጆሯችንን ቆንጥጠው ነው፤ ቶሎ ዝም ያለ ጥሩ ዕቃ ነው። እንድሪስን ቢቆነጥጡት ወሬውን አላቆመም፣ እንዲያውም ባሰበት። ይሄ ገደል ይከታል ተባብለው መልሰው ሰቀሉት።

በዚህ መሃል አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ሳይክል ከአባቷ ጋር ገባች። አባትየው ቁመታም፣ ጥቁር፣ ከኋላው ዕቃ መጫኛ ያለው፣ ጎኑ ትንሽ ጎበጥ ያለ የተከበረ ሳይክል ነው። ሲገባ ደወሉን አንድ ጊዜ ብቻ ነካ አደረገ፤ ሱቁ በሙሉ ጸጥ አለ። ትንሿ ገና ከመግባቷ ዓይኗ ረምላ ላይ አረፈ። ረምላን አወረዷትና ትንሿ ሳይክል ላይ ተቀመጠች። የሁለቱም እግሮቿ ጫፍ መሬት ነካ፣ ክርኗ ትንሽ እጥፍ አለ፣ ጣቶቿ ሳይንጠራሩ ፍሬኑ ላይ ደረሱ። ሱቁን አንድ ዙር ዞሩ። አንድም የሚንቋቋ ነገር የለም። በኮሌታዬ ተንጠልጥዬ እንኳ ደስታዬን አልችለው አልኩ፤ በዕድሜዬ ልክ የሆነ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ይህችን ውሰዱ» አሉ ፓምፑ። ሳቡና ጨመሩ፦ «ልኳ ናት።»

አባትየው ሳቀ። «ልኳ ከሆነች ምን ዋጋ አለው? ሰው መቼም እያደር ማነሱ አይቀርም። ለከርሞ አነሰችብን ብለን ልንመለስ ነው? ትልቅ ያምጡልን፤ እያደር ያንስላታል።»

እውነቱን ነው። በዚያ አገር ሰው ሲኖር እያነሰ ነው የሚሄደው። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ባንኮኒው ላይ፣ ከጎማ ማጣበቂያው አጠገብ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ አንዳቸውም ስንዝር አይሞሉም።

ትልቁ ሳይክል ቀና ብሎ አየንና በመሪው ወደ እኔ ጠቆመ። ቁመቴን ጠየቀ። አንድ ሜትር ከሰማንያ ሦስት ነው ተባለ። እግሬን አስዘረጋ፣ እጄን አስዘረጋ፣ ደጋግሞ ዞረኝ። ሲዞረኝ ደስታው ከጎማው ሽቦ ይታወቅ ነበር፤ ያብረቀርቃል። ይሄ አሥር ዓመት ያገለግላታል አለ፣ ይሄ ነው ዕቃ ማለት አለ። እኔ ኧረ የለም፣ የምትሆናት ልጄ ናት ብል ሸቀጥ አይናገርም ብለው ጆሮዬን ቆነጠጡኝ። ዝም አልኩ። ፍሬኔ ጥሩ ነው ብለው ይበልጥ ወደዱኝ።

ረምላን መልሰው ሰቀሏት። ቅድም ታንጎራጉር የነበረችው ልጅ አሁን እግሯንም አላወዛወዘች። ትንሿ ሳይክል ወደ እሷ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ የፊት ጎማዋን ዝቅ አድርጋ የአባቷን ጎማ ሳመችና ይዛኝ ወጣች።

ወዲያው ጦሳ ላይ ነን። ተራራው ነገ ተመለስ ተብሎ ስለነበር ፊቱን አጥቁሮ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። ድንጋዮቹ ሲያዩን እየተነሱ መንገድ ይለቁልናል፤ አንዱ ድንጋይ ለጓደኛው «ያችን ሚስኪን እያት፣ ምን አሸከሟት» ሲል ሰማሁት። ጉልበቴ ጆሮዬን ይመታኛል። መሪው ሆዴ ውስጥ ገብቷል። ፍሬኑን ልይዝ ብል ጣቶቼ ተቆላልፈው አልገባ አሉ፤ በየመታጠፊያው ወደ ገደሉ እንንሸራተትና ቁጥቋጦ ይይዘናል። ከሥሬ ትንሿ ሳይክል ትንፋሽ ሲያጥራት ይሰማኛል፤ ብረቷ እየጎበጠ ነበር።

«አመመሽ?» አልኳት።

«ምንም አይል፤ እያደር ታንሳለህ ተብሏል።»

እስከዚያ ድረስስ ብዬ ጠየቅኳት። መሪዋን ወደ ዳገቱ አዞረች። አንድ ዳገት በእግራችን ከወጣን በኋላ፣ እኔ እየገፋኋት ማለቴ ነው፣ ለምን ለአባቷ እንደማትነግረው ጠየቅኳት።

«ሲመርጥህ አላየኸውም?» አለችኝ። «እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ልኬ አይደለም ብዬ እንዴት ያን ደስታ እቀማዋለሁ?»

ቆምኩ። ትናንት ረምላ ሳይክሉን አይታ ለምን ዝም እንዳለች ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ዝምታውን ከደስታ ብዛት የመጣ አድርጌ ይዤው ነበር። አፈርኩ፤ በሕልም ውስጥ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ተመለሺ አልኳት። እሱም አባት፣ እኔም አባት፣ ብንነጋገር አንጣላም አልኳት። ትንሿ ሳይክል ደወሏን ሁለት ጊዜ መታች።

በዚያ አገር ቁልቁለቱ ወደ ፈለግከው አቅጣጫ ስለሚዞርልህ ሱቁ በር ላይ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀብንም። ትልቁ ሳይክል በር ላይ ተደግፎ ከፓምፑ ጋር ያወጋል። ጋሼ ብዬ ጀመርኩ። ከልጅዎ ጋር አልተስማማንም፣ እኔ መጥፎ ዕቃ ሆኜ አይደለም፣ ልኳ ስላልሆንኩ ነው አልኩ። ልጅዎ እየጎበጠች ነው አልኩ። ዝም ያለችው እርስዎን እንዳይከፋዎት ነው አልኩ። ሸቀጥ አይናገርም የሚል ሰው ብጠብቅ ማንም አልተነፈሰም።

ትልቁ ሳይክል መሪውን ወደ ጎበጠው ጎኑ አዞረ። «እኔም በልጅነቴ የተገዛልኝ ሰውዬ ትልቅ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ይኸው ጎኔ ያኔ እንደጎበጠ ነው። እኔም አልተናገርኩም ነበር።»

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። ፓምፑ ረምላን ለማውረድ መሰላል አቆሙ። ረምላ ከመንጠቆው ወርዳ እግሯ ወለሉን ሊነካ አንድ ጣት ቀርቶታል። ትልቁ ሳይክል ልጁን፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ይህችን ትወጃለሽ አላት። ትንሿ ሳይክል ልትናገር አፏን ስትከፍት ሉባባ ትከሻዬን ነቀነቀችኝ።

ነግቷል። ፀሐይዋ አልጋው ድረስ ገብታለች። ለሉባባ ምንም ሳልነግራት ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። ልቤ ቅልል ብሎኛል፤ እንደ ልጅ መሳቅ አማረኝ። ሻጩ እስከ ሦስት ቀን ድረስ፣ ዕቃው ምንም ካልተነካ፣ በአነስተኛው እለውጥልሃለሁ ብሎኝ ነበር። ረምላን አፏን አውጥታ ሳትናገር፣ ሳትሳቀቅ፣ ተነሽ እንሂድ፣ ልክሽን ራስሽ ተቀምጠሽ ምረጪ ልላት በረንዳ ወጣሁ። ረምላ የለችም። ሳይክሉም የለም።

የት ሄደች ብዬ ሉባባን ጠየቅኳት።

«በማለዳ በያጁ ጋ ሄዳለች» አለች፣ አልጋውን እያነጠፈች። «ትናንት እግሬ አልደርስ አለኝ ብላ ስትጨነቅ አመሸች። ለምን አይለወጥም ብላት፣ አባዬ ያን ያህል ለፍቶ መርጦልኝ ይከፋዋል ብላ እሺ አልል አለች። ጉድ እኮ ናት። በኋላ ዘዴ አገኘንለት። የላይኛውን ብረት በመጋዝ ቆርጦ ዝቅ አድርጎ ይበይድላታል፤ መቀመጫውንም እንደዚያው።»

ፊቴን አይታ የገንዘቡ ነገር ያሳሰበኝ መሰላት።

«አብሽር» አለችኝ። «የሚቆረጠውን ብረት በጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጥ ብዬዋለሁ። ስታድግ መልሶ ይቀጥለዋል።»

ጆሮዬን ሰጥቼ ሳዳምጥ ከታች ሰፈር የብረት መጋዝ ይሰማል። አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ፣ አንዱን ነጠላ ጫማ ውስጥ ከትቼ እየሮጥኩ ወጣሁ። የግቢው በር ላይ ስደርስ መጋዙ ዝም አለ።