ቢንቢ ላይ የተነገረው

ዕለቱ እሑድ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም ነበር። የጥቅምት ፀሐይ ኮልፌን ከራስ እስከ እግሯ አጥባ አስጥታታለች፤ ነፋሱ ግን ከጋራው እየወረደ ፀሐይ ያሞቀችውን ጆሮ ሁሉ እየዞረ ያቀዘቅዝ ነበር። ሰማዩ ላይ ደመና የለም። በሰፈሩም የተጠራ የቀበሌ ስብሰባ የለም። በዚያ ዘመን እነዚህ ሁለት ጸጋዎች በአንድ እሑድ ሲገጥሙ ሰው ያልጠበቀው ስጦታ እንደ ደረሰው ይደሰት፣ ወዲያውም ምን እንደሚያደርግበት ይጨነቅ ነበር።

ሰው ልቡን ለመክፈት ምን ያስፈልገዋል? ብዙዎች "ወዳጅ" ይላሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ ጥቂት ተመራምሬያለሁና አልስማማም። የሚያስፈልገው የሚሰማውን ሰው ፊት አለማየት ነው። የንስሐ አባት ኃጢአት ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው መሬት መሬት የሚያዩት ለምን ይመስላችኋል? ቀኑን ሙሉ ተኳርፈው የዋሉ ባልና ሚስት መብራት ሲጠፋ የሚታረቁትስ? ፊት አስቸጋሪ ነገር ነው፤ ተናጋሪውን ዐረፍተ ነገሩ መካከል ላይ ያስቆመዋል። እንግዲህ ተናጋሪው ወደ ፊት እያየ፣ ሰሚው ከጀርባው ተቀምጦ፣ በመካከላቸው ወፍራም ካፖርት፣ በዙሪያቸውም ሦስተኛ ጆሮ እንዳይገባ የሚከለክል የማያቋርጥ ጩኸት ያለበት ስፍራ በዚህች ምድር ይገኛል ወይ? ይገኛል። ትንሽ ሞተር ብስክሌት ይባላል።

ትልቅ ሞተር አላልኩም። ትልቅ ሞተር የሰልፍ አጃቢ ነው፤ የተቀመጠበት ሰው የሚሮጠው ዓለም እንድታየው ነው። በትንሽ ሞተር የሚሄድ ሰው ግን እሱ ራሱ ዓለምን እያየ ያልፋል፤ የጎመኑን መደብ፣ የተሰጣውን ልብስ፣ በር ላይ ቆመው የሚያወሩትን ሴቶች ሁሉ ሰላም እያለ። ደግሞም ትንሽ ሞተር በተፈጥሮው የሽማግሌ ነው። ወጣት ሲቀመጥበት ትልቁን የከለከሉት ይመስላል። ሽማግሌ ሲቀመጥበት ግን ሁለቱም ልክ ይሆናሉ፤ ሁለቱም በብርድ ጠዋት ለመነሣት ጥቂት ያስላቸዋል፣ ሁለቱም ዳገት አይወዱም፣ ሁለቱም አንዴ ከተነሡ ማቆም ያስቸግራል።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ አከራዬ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ዕድሜያቸውን የሰፈሩን የመብራት ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ይሠሩባት የነበረችውን አሮጌ ሞተር በጨረታ ገዝተው አብረው ጡረታ አወጧት። የሰፈሩ ሰው በድምፅዋ ምክንያት "ቢንቢ" አላት። ጋሽ ደምሴ አልተቀየሙም። "ቢንቢ የማትገባበት ቤት የለም፤ የእኔም ሥራ እሱ ነበር" ብለው ስሙን ተቀበሉት።

ሲነዱ ማየት ነበር! ከካፖርታቸው ሥር፣ ደረታቸው ላይ፣ የትናንትናውን ጋዜጣ ያነጥፋሉ፤ ብርድ አያስገባም ይላሉ። (በዚያ ዘመን የጋዜጣ ጥቅም ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር መልሱን ያገኘሁት ከእሳቸው ደረት ላይ ነው።) የሱፍ ቆባቸውን እስከ ጆሯቸው ይስባሉ፣ የነፋስ መነጽራቸውን ያጠልቃሉ፣ ከዚያ ቢንቢን አንዴ፣ ሁለቴ፣ አንዳንድ ቀንም ጸሎት እስኪያስፈልግ ድረስ እየረገጡ ያስነሷታል። ቤንዚን በኩፖን ነበር። ባለ መኪናውን የሚያስለቅሰው ኩፖን ለቢንቢ ድግስ ነው፤ በዚያም ላይ ጋሽ ደምሴ ቁልቁለት ሲያገኙ ሞተሩን ያጠፋሉ። ያን ጊዜ ጩኸቱ ይቆምና የነፋስ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ሁለቱን እግሮቻቸውን ከመርገጫው አንስተው ወደ ፊት ይዘረጋሉ። እኚህ የስልሳዎቹን ዕድሜ ያጋመሱ፣ ጎረቤት ሁሉ ለሽምግልና የሚጠራቸው ሰው!

እኔስ ማን ነበርኩ? ከጎጃም መጥቼ፣ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ እዚያው ኮልፌ በአንድ ትምህርት ቤት አማርኛ እንዳስተምር የተመደብኩ፣ በከተማው ውስጥ ከተማሪዎቼና ከጋሽ ደምሴ በቀር ስሜን የሚያውቅ ሰው ያልነበረኝ መምህር። እሳቸውም ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። በአንድ ግቢ ሁለት ብቸኛ ሰው ሲኖር ብቸኝነቱ ለሁለት ይካፈላል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አይካፈልም፤ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ እጅ ይነሣሣል እንጂ።

የተከራየኋት ክፍል የልጃቸው የግርማ ነበረች። ግርማ በዚያ በጭንቁ ጊዜ አንድ ማለዳ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ እሱንም የነገሩኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ በሹክሹክታ፣ ያውም አጥሩን አየት አድርገው። ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ የግርማ ጃኬት ተንጠልጥሎ ነበር። አንሡልኝ አላልኩም፣ ላንሣው አላሉም። አንዳንድ ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ አንኳኩተው ይገባሉ፣ ጃኬቱን ደጅ አውጥተው አቧራውን ያራግፋሉ፣ መልሰው ይሰቅላሉ፣ "በል ደህና ዋል መምህር" ብለው ይወጣሉ። በመካከሉ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ፊቴን ያያሉ፤ ይተዉታል።

ይህ ሲሆን ዓይናቸው ጭጋግ ለበሰ። ሐኪሙ ሞራ ነው አላቸው፤ ሞተር መንዳት ይቅር አለ። አየር ጤና የሚኖሩት እኅታቸው እትዬ ትርንጎ ደግሞ ከሐኪም የከበደ ፍርድ ፈረዱ። "አማቼ ሞተሯን ይውሰድ፤ አንተ ግን አንዱን ሳትገጭ ተቀመጥ" አሏቸው። እናም ያ እሑድ ቢንቢ ለአዲሱ ባለቤቷ የምትሰጥበት ቀን ሆነ። በዋዜማው ጋሽ ደምሴ ጃኬቱን አራግፈው ሲጨርሱ በሩ ላይ ቆሙ። "ነገ ከኋላዬ ትቀመጣለህ" አሉኝ። "ስለ ግርማ የማጫውትህ ነገር አለ። ለአስካለ እንኳ ያልነገርኩት ነው። እዚህ አይሆንም። መንገድ ላይ።" ቀጥለውም ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ "ከነገ ወዲያ እኮ የምናወራበት ቦታ የለንም" አሉ።

የዚያን ሌሊት የምመልሰውን መልስ ሳዘጋጅ አደርኩ። ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ያልሰማውን ነገር የሚያጽናና ንግግር ያሰናዳል።

ከመነሣታችን በፊት ሕጉ ተነበበልኝ። ሕጉን ያወጡት ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ዘመናቸውን ሁሉ ከቢንቢ ጀርባ የተጓዙት በዚሁ ነው። አንደኛ፣ ቢንቢ ሁለት ሰው ይዛ ዳገት አትወጣም፤ ስለዚህ ዳገቱ ሥር ሲደረስ ከኋላ ያለው ሰው ወርዶ በእግሩ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ዳገቱ ራስ ላይ ቢንቢ አትቆምም፤ ከቆመች ትጠፋለች፣ ከጠፋች ትቀየማለች፤ ስለዚህ ዝግ ስትል ተሳፋሪው ዘሎ ይቀመጣል። ሦስተኛ፣ መቀመጡን ለማስታወቅ የነጂውን ጀርባ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። ነጂው አይዞርም፣ አይጠይቅም። ሁለት ጊዜ ከተመታ ይሄዳል። በዚህ ሕግ አንድም ቀን ሳይጣሉ ኖረዋል።

በእኛ ጉዞ ግን ወይዘሮ አስካለ ያላሰቡት ሦስተኛ ተሳፋሪ ነበረ። ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ በራሽን የተገኘ ስኳር፣ ለእኅታቸው የሚወሰድ፣ በማዳበሪያ ቁራጭ ተቋጥሮ ከኋላዬ በጎማ ገመድ ታሰረ። እትዬ ዘነቡ በራቸው ላይ ቆመው፣ "ጋሽ ደምሴ፣ ከመምህሩና ከስኳሩ የቱ ይከብዳል?" ብለው ጠየቁ። ጋሽ ደምሴ ዞር ብለው መዘኑኝ። "ስኳሩ ራሽን ነው፤ መምህሩም ራሽን የሚበላ ነው፤ እኩል ናቸው" አሉ። ሳቅን። ቀልዱ በኋላ ምን ያህል እውነት እንደሚሆን ማን ያውቅ ነበር?

እስከ ጦር ኃይሎች ያለው ቁልቁለት የጋሽ ደምሴ ነበር። ሞተሩ ጠፋ፣ እግሮቻቸው ተዘረጉ፣ ካፖርታቸው በነፋስ ተነፍቶ ፊቴን ሸፈነኝ። ከካፖርቱ ውስጥ ሆኜ ሲያፏጩ ሰማሁ። ከሞተሩ ጋር የመጨረሻ ቀኑ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያፏጫል ወይ? ከአደባባዩ ሲደርሱ አስነሷት፤ ጥቂት እንደ ሄድን አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው፣ "እንግዲህ ያ ልጅ..." ብለው ጀመሩ።

ዳገቱ ሥር ደርሰን ነበር።

"ላይ ስንደርስ" አሉኝ። ወረድኩ። ቢንቢ ቀሏት እያለከለከች ወጣች፤ እኔም በእግሬ ተከተልኩ። ከፊቴ ሆና አያታለሁ። እኔ ስወርድ የጀርባዬን ድጋፍ ያጣው የስኳር ቋጠሮ በጎማ ገመዱ ተስቦ ወደ ፊት ተንሸራተተና እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ ቁጭ አለ። ዳገቱ ራስ ላይ ዝግ አሉ፤ ይጠብቁኛል ማለት ነው። መሮጥ ጀመርኩ። እዚያው ላይ አስፋልቱ ተቦርቡሮ ነበር። የፊት ጎማው ገባ፣ ስኳሩ ጀርባቸውን መታ። የኋላው ጎማ ገባ፣ ስኳሩ እንደገና መታ።

ጋሽ ደምሴ ማርሽ ቀይረው ሄዱ።

ጮህኩ። በሱፍ ቆብና በቢንቢ ጩኸት ውስጥ የእኔ ድምፅ ምን ነበረ? አስፋልቱ ቀጥ ያለና ባዶ ስለነበር ለረጅም ጊዜ ታዩኝ። አንገታቸው ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። እያወሩ ነው። ግራ እጃቸው ከመሪው ተነሥቶ አየር ላይ አንድ ነገር አስረዳ፤ ተመለሰ። ደግሞ ተነሣ፤ አሁን ከፍታ የሚያሳይ ይመስላል፣ የአንድ ትንሽ ልጅን ቁመት። ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ትንሽ ነጥብ ሆኑ።

ፌርማታው ላይ አውቶቡስ የምትጠብቅ ሴት፣ "ወንድሜ፣ ጥለውህ ሄዱ እንዴ?" አለችኝ። አዎን አልኳት። "ለብቻቸው ያወራሉ፤ ሽማግሌውን ብቻቸውን ባትለቋቸው ጥሩ ነው" ብላ መከረችኝ።

እስከ አየር ጤና በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ያዘጋጀሁትን ንግግር እንደገና ከለስኩት፤ አንዳንዱን ቃል ውብ በሆነ ቃል ተካሁት። ስደርስ ጋሽ ደምሴ የእኅታቸው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስኳሩ ጉልበታቸው ላይ ነው። እትዬ ትርንጎ ከጎናቸው ቆመው ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘውታል።

ነገሩን የተረኩልኝ እሳቸው ናቸው። ወንድማቸው በሩ ላይ ደርሰው ሞተሩን ሳያጠፉ ቆሙ፤ ወደ ፊት እያዩ፣ "እንግዲህ ይኸው ነው፤ ምን ትላለህ?" አሉ። መልስ የለም። "አይዞህ፣ ቀስ በል" አሉ። መምህሩ የሚያለቅስ መስሏቸው፣ ሰው ሲያለቅስ አይታይም ብለው፣ ሳይዞሩ ቤንዚናቸውን እያቃጠሉ ጠበቁ። እትዬ ትርንጎ በሩን ከፍተው፣ "ከማን ጋር ነው የምታወራው?" እስኪሏቸው ድረስ። "እኔ ግን ተመስገን ነው ያልኩት" አሉ እትዬ ትርንጎ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሰሚው የቀበሌ ስኳር ሆነ፤ የቀበሌ ሊቀ መንበር ቢሆንስ ኖሮ?"

ጋሽ ደምሴም ሳቁ። ሳቃቸው ግን ከአፋቸው ወደ ዓይናቸው አልወጣም።

ቤት ገብተን ሻይ ቀረበ፤ በዚያው ስኳር የጣፈጠ። አማችየው መጥቶ ቢንቢን ዙሪያዋን አየ፣ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ "ትንሽ ናት" አለ። ጋሽ ደምሴ ቁልፉን ሰጡት። አንድ ብቻ አደራ አሉት፤ ቁልቁለት ላይ እንዲያጠፋት።

ደጅ ስንወጣ፣ ማንም ሳይሰማ፣ "ጋሽ ደምሴ፣ አሁን ይንገሩኝ፤ በእግራችን እንሂድ፤ ከኋላዎ ሆኜ ልከተልዎ" አልኳቸው። የምለምን ያህል ነበር። ቆመው አሰቡበት፤ በእውነት አሰቡበት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቆጣሪ ወደ ኋላ አይዞርም መምህር" አሉ። "ወጥቷል። አንዴ ነበር የነበረኝ።"

የተመለስነው በአውቶቡስ ነው። ሰው በሰው ላይ ነበር፤ ግራና ቀኙ ጆሮ፣ ፊት ለፊቱ ፊት። ቦታ አግኝተው ተቀመጡ፤ እኔ አጠገባቸው ቆምኩ። ደረታቸው ላይ ያለው ጋዜጣ በተነፈሱ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉኝ። ሄድን።

ከዚያ እሑድ በኋላ ጃኬቱን ሊያራግፉ አልመጡም። ኮልፌን ለቅቄ እስክሄድ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ የማራግፈው እኔ ነበርኩ፤ ምን ታሪክ እንዳለበት ሳላውቅ። ያዘጋጀሁት የማጽናኛ ንግግር ዛሬም አለኝ፤ አምሮ የተሠራ ነው፣ የሚገባበት ቦታ የለውም እንጂ።

ስኳሩን በሻይ ጠጣነው። ጋሽ ደምሴ ስለ ልጃቸው የተናገሩትን የሰማ ሰው የለም።