የበግ ዓይንና የእትዬ ዘነበች ቋጠሮ

ዓይን አውጣ ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተብያለሁ፤ ያውም በእንጀራዬ። በደርግ ዘመን፣ ኮልፌ ስኖር፣ የአንድ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ከቄራ የበግና የበሬ ዓይን በጣሳ አመጣለሁ። ኮርኒያ የሚሏትን፣ ከዓይን ፊት ለፊት ያለችውን መስታወት መሳይ ሽፋን አነሣለሁ፤ ከሲጋራ ወረቀት አሳስቼ እቆርጥና ቀለም አስነክቼ ማይክሮስኮፕ ሥር አኖራታለሁ። የሰፈር ሰው ታዲያ ምን ብሎ ይጥራኝ?

ኮርኒያ መቼም ጉድ ናት። ጥፍር የማታህል ነገር፣ ንብርብሯ ብዛቱ! መሐሏ በሙሉ ክር ነው፤ ክሩም ተሰልፎ የተኛ። ቀበሌያችን ስንት ጊዜ ሲያሰልፈን እንዲያ ቀጥ ብለን አናውቅም። ብርሃን የሚያልፍባት ክሮቿ በሥርዓት ስለተኙና የደም ሥር ስለሌለባት ነው ይሉን ነበር የቤተ ሙከራው ዶክተር። ደም የገባበት ነገር አያሳይም ማለት ነው። ይህን ጮክ ብዬ ለማንም አልደገምኩም፤ ዘመኑን ታውቁታላችሁ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ዓይናቸው ላይ ነጭ ጥሎባቸው ማየት ካቆሙ ቆይተዋል። አንድ ልጃቸው ደምሴ አስተማሪ ነበር። ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ወሰዱት፤ እዚያው ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ስንቅ ይቋጥራሉ፣ እኔ ከፌርማታው አውቶቡስ አሳፍሬ እስር ቤቱ ድረስ እወስዳቸዋለሁ። ከበሩ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ እሰለፋለሁ። ምግቡ ይገባል፤ ባዶውን ሳህን ደምሴ በዚያው ጨርቅ ቋጥሮ ይልከዋል። ባዶ ሳህን ወጣ ማለት ልጅ አለ ማለት ነው።

አንድ ቀን በመንገዳችን ላይ፣ ከነዚያ የበግ መስታወቶች አንዷን ዓይኔ ላይ ለጥፍልኝ አሉኝ። የእንስሳ ለሰው አይሆንም፣ ሰውነትዎ አይቀበለውም ብዬ አስረዳሁ።

«ሣር ሣር ቢለኝስ አንተን ምን ቸገረህ? ልጄን ልይበት እንጂ!» አሉ።

ሳቅሁ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። በረኛው የስም ዝርዝሩን አየና ስንቁን መልሶ ገፋልኝ። ከእንግዲህ እንዳታመጡ አለ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን የማያውቅ አልነበረም። ዘወር ስል እትዬ ዘነበች ድንጋያቸው ላይ ሆነው ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረዋል። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? እንዲህ ለሞተ ሰው ማልቀስ እንኳ ክልክል ነበር።

ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም ይባል የለ? በምን ያውቁብኛል ብዬ በእስር ቤቱ ግንብ ጓሮ ዞርኩና ምግቡን በላሁት። ጨርቁን መልሼ ቋጠርኩ። በላ ወይ አሉኝ፤ ሙልጭ አድርጎ አልኳቸው። ተቀብለው ቋጠሮውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ተነሡ።

ሦስት ወር እንዲህ የሟች ስንቅ በላሁ። የሚያናድደኝ ደግሞ መጣፈጡ! ወፈርኩ እኮ። በዚያ ዘመን የሚወፍር ካድሬ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ልወስዳቸው ብመጣ ከደጃፋቸው አልነሣም አሉ። ስንቁን እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«ፀሐዩ በርትቷል ልጄ። እዚያ ድረስ ምን አለፋህ? እዚሁ ቁጭ ብለህ ብላ።»

ክው አልኩ። ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ በስንት መከራ ጠየቅኋቸው።

«ከመጀመሪያው ቀን። ደምሴ ግራኝ ነው፤ ሲቋጥር ወደ ግራ ነው የሚያዞረው። ያንተ ወደ ቀኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ማልቀሱን ከለከሉኝ። ለልጄ ወጥ መሥራቱንም ልተወው?»

ቁጭ ብዬ በላሁ። ያ ነጭ የጣለበት ዓይናቸው ድምፅ ሳያሰማ ያነባ ነበር።

የዕውሩን ተረት ግን ውሸት ነው አልልም። ሦስት ወር ሙሉ ከግንቡ ጓሮ ያላለፍኩት እኔ ነኝ።