የኡስታ ሙሂዲን ትርፍ ስፌቶች

[ማርጊላን ከተማ፣ የአንድ ክሊኒክ በረንዳ። ሐር ሸማኔው ኡስታ (ለተከበረ የእጅ ባለሙያ የሚሰጥ መጠሪያ ነው) ሙሂዲን ግራ ክንዱ፣ ሐብሐብ ሻጩ ኤርጋሽ ባቱ በፋሻ ተጠቅልሎ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ከአሥር ቀን በፊት ጣሪያ ላይ ሲያወጡት የነበረ ቆርቆሮ አምልጦ ሁለቱንም ቆርጧቸው፣ አንዲት ሐኪም ሰፍታቸዋለች። ዛሬ ክሩ የሚወጣበት ቀን ነው።]

ሙሂዲን፦ እኔ ነኝ ቀድሜ የምገባው።

ኤርጋሽ፦ ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ፣ ኡስታ።

ሙሂዲን፦ ቆርቆሮው ግን ቀድሞ የቆረጠው እኔን ነው። በኔ ክንድ አልፎ ነው ወዳንተ ባት የወረደው።

ኤርጋሽ፦ እንደሱ ከሆነ ይቅደሙ። ክንድዎ ግን ምነው አበጠ?

ሙሂዲን፦ እብጠት አይደለም። ሥጋ እየሞላ ነው።

ኤርጋሽ፦ የሚሞላ ሥጋ ይሸታል እንዴ?

ሙሂዲን፦ የሷ ክር ነዋ የሚሸተው። ያ ሰማያዊ፣ የዓሣ ማጥመጃ የሚመስለው። አርባ ዓመት ከክር ጋር ኖሬያለሁ፤ እሱን ክር አልለውም።

ኤርጋሽ፦ የኔስ ደርቋል። እኔን ያስጨነቀኝ የውስጡ ክር ነበር። ሐኪሟ «ይሄን ሰውነትህ ይበላዋል» አለችኝ። ሚስቴ ደግሞ ሾርባ በሾርባ ላይ ታቀርባለች። ሰውነቴ ጠግቦ ክሩን እንዳይተወው ብዬ ሦስት ቀን በደረቅ ዳቦ ዋልኩ።

ሙሂዲን፦ አንተ የዋህ። ይበላዋል ማለት ቀስ እያለ ይሟሟል ማለት ነው።

ኤርጋሽ፦ ኋላ ገባኝ። እስቲ የርስዎን ይፍቱትና ልየው። [ይቆጥራል] ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ለርስዎ የሰፋችው እኮ ስድስት ነው፤ አጠገብዎ ሆኜ ቆጥሬያለሁ።

ሙሂዲን፦ ድምፅህን ቀንስ። ሁለቱን የጨመርኳቸው እኔ ነኝ።

ኤርጋሽ፦ በምን?

ሙሂዲን፦ በመርፌ ነዋ፣ በገዛ ቀይ ሐሬ። ጫፉ ላይ ከፈት ያለ መሰለኝ። ሐር የነገሥታት ልብስ ነው፤ ቁስልም ያከብረዋል።

ኤርጋሽ፦ ኡስታ፣ ስድስቱ ሰማያዊዎች ደርቀዋል። መግሉ ያለው ሁለቱ ቀዮች ጋ ነው።

ሙሂዲን፦ የሷ ክር ገፍቶ ወደኔ ልኮት ነው።

ኤርጋሽ፦ እንጃ። ሐር የተጎነጎነ ስለሆነ ቀለም እስከ ውስጡ ይጠጣል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ቀለም ከጠጣ መግል መጠጣት ምን ያቅተዋል?

ሙሂዲን፦ እሱ... ስለ ጨርቅ ነው ያወራሁት።

[በሩ ይከፈታል። ሙሂዲን ይገባል። ከቆይታ በኋላ ገርጥቶ ይወጣል።]

ኤርጋሽ፦ ምን አለችዎት?

ሙሂዲን፦ የኔን ሁለቱን ነቅላ፣ ቁስሉን ከፍታ አጠበችው። እንዲህ ያለ ክር በጉንጉኑ መሃል ቆሻሻ ያሳድራል፣ ያውም ከቤት የመጣ፣ ያልጸዳ ክር አለችኝ። ሁለት ሳምንት ወደ ሽመናው እንዳልጠጋ። የልጄ የሠርግ ጨርቅ ግማሹ ገና እንደተወጠረ ነው።

ኤርጋሽ፦ አይዞዎት። ክንዱ ይዳን እንጂ ጨርቁን ወንድምዎ ይጨርሰዋል።

ሙሂዲን፦ ወንድሜ ድሩን ያበላሸዋል። ይልቅ አሁን የፈራሁት ላንተ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐርና መርፌ ሰጥቼህ፣ አንተም አጠናክረው ብዬህ ነበር። ሰፋህበት?

ኤርጋሽ፦ ሰፋሁበት።

ሙሂዲን፦ ወይ ጉዴ። ስንት?

ኤርጋሽ፦ አሥራ አንድ።

ሙሂዲን፦ [ራሱን ይዞ] አሥራ አንድ? ምንም አልመገለም?

ኤርጋሽ፦ የሰፋሁት የአህያዬን ኮርቻ እኮ ነው፣ ኡስታ። ዛሬ ጠዋት ሳየው ደህና ነበር።