ኮምፒውተሬን ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤቶች

ሰው ሲታመም ጎረቤት ይጠይቃል። ኮምፒውተር ሲታመምስ? እኛ ቀራንዮ ሰፈር እሱም ይጠየቃል፤ ያውም ባዶ እጁን የሚመጣ ጠያቂ የለም።

ባለፈው እሁድ የልጄ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ኮምፒውተር ራሱን በራሱ እያጠፋ አስቸገረን። "ቫይረስ ሳይገባበት አይቀርም" ብዬ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሰው ብቻ ተናገርኩ። ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን በአምስት ጠያቂ ሞላ። ሁሉም ኪሱ ውስጥ ፍላሽ፣ ፍላሹ ውስጥ ደግሞ የቫይረስ ማጥፊያ ይዟል።

"መጀመሪያ የኔን ሰካው፤ የኔ አይምርም!" አሉ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ጋሽ ታፈሰ።

"ጋሽዬ፣ ይሄ ፍላሽ ከዚህ በፊት የት የት ተሰክቷል?" አለቻቸው ልጄ።

"ያልተሰካበት የት አለ? ሰፈሩን ሁሉ ያዳነ ፍላሽ ነው!"

እስቲ ፍረዱኝ፣ ለጠያቂ እምቢ ይባላል? ያመጣልኝን ብርቱካን አልቀምስም እንደማለት እኮ ነው! አምስቱም ፍላሽ በየተራ ተሰካ። አምስተኛው ላይ ኮምፒውተሩ ጭልም አለ፤ የልጄም ጽሑፍ አብሮ ሄደ። ጠያቂዎቼ ፍላሻቸውን ነቅለው፣ "እግዜር ይማርልህ" ብለውኝ ወደየቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ጋሽ ታፈሰ ደወሉልኝ።

"የኔም ኮምፒውተር አልነሳ አለ። ያንተው ተጋብቶበት ነው።"

ልጄ እስካሁን አታናግረኝም። እኔ ግን ምን ላድርግ? ሰው ጠይቆኝ እኔ ሳልጠይቅ ልቅር? ፍላሼን ኪሴ ከትቼ ልጠይቃቸው ወጣሁ።