በቃ ያለችው ልጅ

ስለ ኅብረት ተረት አንሶን አያውቅም። ድሩም አብሮ አንበሳ ያስራል፤ ሃምሳው ሎሚም ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሎሚውን ላቦራቶሪ አስገቡትና እዩልኝ! አራት ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ስታቆሙ አንዱ ይሠራል፣ ሁለቱ ያያሉ፣ አራተኛው ስልኩን ይነካካል። ሪፖርት ሲጻፍ ግን አራቱም "እኛ" ናቸው።

እኔ ሀርጌሳ ውስጥ ኬሚስትሪ የማስተምር ሐበሻ ነኝ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ሹክሹክታው በሶማሊኛ ነው። ተማሪዬ ሆዳን ድሬዳዋ ያደገች ናት፤ ወላጆቿ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አብራ መጣች። ሶማሊኛው ከአፏ እስኪወጣ ወሬው ያመልጣታል። ስለዚህ ከቡድኗ ጫፍ ቆማ ብልቃጥ ታጥባለች። አንድ ቀን ቢሮዬ መጥታ፣ "መምህር፣ በቃኝ። ኮርሱን ልተወው ነው። እዚያ ብኖርም ባልኖርም ያው ነው" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

"የሚመጣውን የላቦራቶሪ ሥራ ብቻ ሥሪልኝ" አልኳት።

በሚቀጥለው የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ሥራውን እኔው አከፋፈልኩ። አብዲ የተባለው ልጅ መክፈቻ ያለውን ቀጭን የመስታወት ቧንቧ ይዞ ፈሳሹን ብልቃጡ ውስጥ ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ ሆዳን ብልቃጡን እያየች፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ሲመጣ ታስቆመዋለች። ትንሽ ካለፈ ሁሉም ከሀ ይጀመራል።

ሮዙ ብቅ ሲል ልጅቷ ደንግጣ "በቃ!" ብላ ጮኸች። በአማርኛ! አብዲ ምን ይወቅ? "በርታ" የተባለ መስሎት ጨመረበት። ብልቃጡ ቀይ ሥር የተቀቀለበት መሰለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሆዳን ቦርሳዋን አነሳች። በገዛ እጄ ያባረርኳት መሰለኝ።

አብዲ ግን አልሳቀም። ብልቃጡን ደፍቶ እያጠበ፣ "ምን ነበር ያልሽው?" አላት በሶማሊኛ።

"በቃ።"

"ባቃ" አለ፣ እንደሚያጠና ሰው።

ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። በሁለተኛው ሙከራ "በቃ" ስትል እጁ ቀጥ አለ፤ ሮዙም ፈዘዝ እንዳለ ቀረ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለተማሪዎቹ ኬሚካሉ ነው አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ እንደ ጉንፋን በየጠረጴዛው ተዛመተ። "መምህር፣ በሶማሊኛ 'ጆጂ' ነው የሚባለው ብላቸው እምቢ አሉኝ" አለችኝ ሆዳን፣ ከነአብዲ ጋር ጅግጅጋ ያር ወደሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር የሚሄደው ሚኒባስ እንዳያመልጣት እየሮጠች።

ባለፈው ሐሙስ ታዲያ ሰዓቱ አለቀ፤ እኔም ደክሞኝ "በቃ!" አልኳቸው። ወደየቤታችሁ ሂዱ ማለቴ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ቧንቧውን ዘግቶ ብልቃጥ ብልቃጡ ላይ አፈጠጠ። የወጣ የለም፤ ሆዳንም ጭምር።