በበዓለ ሃምሳ የጾመው ሜኑ

ሰው የሚጽፈው የሚረሳውን ነው። የማይረሳውንማ ለምን ብሎ ይጽፋል? የእናታችሁን ስም ወረቀት ላይ አስፍራችሁ የምትዞሩ አይመስለኝም። ችግር የሚመጣው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ሳይጻፍ ኖሮ ኖሮ፣ አንድ ቀን «ሁሉም ሰው» ውስጥ የማይቆጠር ሠራተኛ ሲቀጠር ነው። እኔ ቀጥሬያለሁ። ኤአይ ይባላል። ኮድ ይጽፍልኛል፣ አያኮርፍም፣ የሻይ እረፍት አይጠይቅም፤ የተጻፈ ነገር ካገኘ ግን ከዚያ ንቅንቅ አይልም።

እዚህ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ምግብ ቤት ላላቸው ለእትዬ ጽጌ፣ ደንበኞች በስልክ ምግብ የሚያዙበት ፕሮግራም ሠርቼላቸው ነበር። ስጀምር የምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን «ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ብቻ» የሚለውን ቃል በቃል ወደ ፕሮግራሙ ሰነድ ገለበጥኩ። ኤአዩ ሰነዱን አንብቦ ኮዱን ጻፈ። ግድግዳ፣ ሰነድና ኮድ እንዲህ ተፋቅረው አያውቁም።

ፋሲካ ሲቃረብ እትዬ ጽጌ ደወሉ። «ያ ሙሃንዲስ፣ በዓለ ሃምሳ ሊገባ ነው፤ ጾሙን አንሳልኝ። በሬ ልገዛ ነው።» ሙሃንዲስ እዚህ አገር ኢንጂነር ማለት ነው፤ ሹመቱ የሳቸው ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም ሕፃን ልጅ ያውቃል። ኮዱን ባንድ አፍታ አስተካከልኩት። ሰነዱን አልነካሁትም። ሰነድ ማን ያነባል?

አንባቢው ለካ እቤቴ ተቀምጧል። ከበዓሉ ማግስት፣ ዓይናቸው ለደከመ ደንበኞች ብዬ ፊደሉን አተልቅ አልኩት። አተለቀ። በዚያው ሲያልፍ ኮዱ ከሰነዱ ጋር እንደማይስማማ አየና ተቆርቁሮ ጾሙን መለሰው። አልደበቀኝም፤ ያደረገውን በትሕትና ጽፎልኛል። እኔ «ፊደሉ ተልቋል» የሚለውን የመጀመሪያ መስመር አንብቤ፣ አመስግኜ፣ ላፕቶፑን ከደንኩ።

ረቡዕ ደረሰ። ሁዳዴን ሙሉ በምስር የከረመ ሕዝብ ስልኩን ሲከፍት ምስር ይጠብቀዋል። በሬው ታርዶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሏል፤ መብራት የለም፤ የካርቱም ሙቀት ደግሞ ለሥጋ አያዝንም። አንድ ደንበኛ ከቡሪ ሰፈር ደውሎ ሃይማኖት ቀየራችሁ ወይ ብሎ እትዬ ጽጌን ጠይቋቸዋል።

«ከህረባ መፊ፣ መብራት የለም» አሉኝ እትዬ ጽጌ። «ሥጋው ሊበላሽ ነው፤ አንተ ሽሮ ትሸጥልኛለህ። ይሄ በሬ ከሞተብኝ ኸላስ፣ አበቃ፣ ቤቱን እዘጋለሁ።» ታርዶ የተሰቀለ በሬ እንዴት እንደገና እንደሚሞት ለመጠየቅ ጊዜው አልነበረም። አልጮኹም፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው።

በዚህ ጊዜ ከሰነዱ ጀመርኩ። «ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም» ብዬ፣ ማን እንደወሰነና ለምን እንደሆነ ጨምሬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ኮዱን አስተካከልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ጥብስና ክትፎ የሚጭኑ ባለ ሦስት እግር ረክሻዎች በር ላይ ተሰለፉ። ማታ ላይ ከበሬው የቀረው አንድ ታፋ ብቻ ነበር።

እኔም ላመሰገን ሄድኩ። ሰነድ፣ ኮድና ውሳኔ አንድ ሆነዋል ብዬ ለእትዬ ጽጌ ስደሰኩር፣ አንድ ሰውዬ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ገባ። ቀና ብሎ ቀዩን ጽሑፍ አነበበ። «እዚህ ቤት ዛሬ ሥጋ የለም፣ ያላ፣ እንሂድ» ብሎ ቤተሰቡን እየነዳ ወጣ።

«እትዬ ጽጌ፣ ግድግዳው» አልኳቸው።

እሳቸው ከታፋው ላይ ቀና አላሉም።

«ተወው ልጄ» አሉ፤ «ግድግዳ ማን ያነባል?»